ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ አራት ኪሎ፦ የፓርላማው ቤትና የወላይታ ጉዳይ

(የመግቢያ ዜማ)

ዛሬ የምናወራው አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ ላይ ስላለው ባለ ሰዓት ማማ ሕንፃ ነው። ሁላችሁም በቴሌቪዥን አይታችሁታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ማብራሪያ በሚሰጡበት ዕለት ሻይ ቤቱ ሁሉ ወደ እሱ ያያል። ቤቱን ግን ስንቶቻችን በአካል እናውቀዋለን? እንዴት እንደተሠራ፣ እነማን እንደተቀመጡበት፣ የወላይታ ገበሬ ጉዳይ በምን አጋጣሚ ደጁ ላይ እንደተነሣስ?

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ያዙልኝ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባዎች በግልጽ እንደሚካሄዱ ይደነግጋል። ዝግ ስብሰባ የሚደረገው የምክር ቤቱ አባላት ወይም የፌዴራሉ አስፈጻሚ አካል ሲጠይቁና ከምክር ቤቱ አባላት ከግማሽ በላይ የሆኑት ሲደግፉት ብቻ ነው። ስለዚህ መደበኛው ነገር ክፍት መሆኑ ነው፤ መዘጋቱ ምክንያትና ድምፅ ይጠይቃል። አሁን ያለው ይህ መብት ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ መሄድ አለብን። ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዚሁ ከእኛው ቀዬ፣ ከወላይታ፣ እንጀምር።

ወላይታ ዱቡሻን ያውቃል። ሰው በአደባባይ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ ነገሩን በየተራ ተናግሮ የሚዳኝበት ሸንጎ ነው። ወላይታ በካዎ ይገዛ በነበረበት ዘመንም ንጉሡ ብቻውን የሚወስነው ነገር ነበረ፤ ሕዝቡ በአደባባይ የሚጨርሰውም ነገር ነበረ። ያን ሥርዓት ከሚገባው በላይ ላሞግሰው አልፈልግም፤ በዱቡሻው የማይሰሙ ሰዎችም ነበሩ። ሆኖም ነገር የሚታይበት ቦታ ቅርብ ነበር። ሰው በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት፣ የሚናገረውን ሰው በመልኩ የሚያውቅበት ቦታ ነበር።

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወላይታን ወጋ። ጦርነቱ ብርቱ ነበር፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ዛሬ ሶዶ ከተማ ውስጥ ሐውልታቸው ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ስለ ወላይታ መሬት፣ ስለ ወላይታ ግብር፣ ስለ ወላይታ ዳኝነት የመጨረሻው ቃል የሚነገረው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሆነ። ሕዝቡ ገባር ተባለ። ያን ጊዜ በመናገሻው ከተማም ቢሆን ሕዝብ የሚወከልበት ቤት አልነበረም።

እንዲህ ያለ ቤት የተፀነሰው ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። "ሰጡ" የምለው በምክንያት ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የወረደ እንጂ ሕዝብ መክሮ ያጸደቀው አልነበረም። በማርቀቁ ሥራ ዋናው ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ተክለ ሐዋርያት ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ ኋላም የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ቴአትር የሚባለውን ፋቡላን የጻፉ ሰው ናቸው። ለሕገ መንግሥቱ አርአያ ያደረጉት የጃፓንን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ጃፓን በንጉሠ ነገሥት እየተመራች ፈጥና የሠለጠነች አገር ስለነበረች የዘመኑ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ዓይን እሷ ላይ ነበር።

ያ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። ሁለት ምክር ቤቶችንም አቋቋመ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት፣ ሌላው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ መካከል ይሾማሉ። የመምሪያውን አባላት ደግሞ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይህ የሚሆነው ሕዝቡ በራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ነው ብሎ ጊዜያዊ አድርጎታል። በጥቅምት 1924 ዓ.ም. ፓርላማው ተከፈተ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ስለ ወላይታ ጭሰኛ የሚናገር ሰው ቢገኝ እንኳ፣ የሚናገረው ጭሰኛው የመረጠው ሰው አይደለም። የመሬቱ ጌታ ወይም የጌታው ወገን ነው።

ሕንፃው የተሠራው በእነዚያው ዓመታት፣ ከፋሺስት ጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የተመረጠለት ስፍራ ትርጉም አለው። በአንድ ወገን የምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በሌላ ወገን የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። ዘውዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ምክር ቤቱ በአንድ ኮረብታ ላይ ተቀራርበው ተቀመጡ። በእኔ እምነት ይህ አቀማመጥ የዘመኑን ሐሳብ ከየትኛውም ጽሑፍ በተሻለ ያስረዳል፤ ምክር ቤቱ ከቤተ መንግሥቱ ጥላ ብዙ ሳይርቅ እንዲሠራ ታስቦ ነበር። የሕንፃው መለያ የሆነው ባለ ሰዓት ማማው ነው። በዚያ ዘመን የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ነበርና፣ ከሩቅ የሚታይ የአደባባይ ሰዓት ለአላፊ አግዳሚው አገልግሎት ነበር።

ቤቱ ገና በወጉ ሳይለመድ ጦርነት መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱ በጠላት እጅ ስትወድቅ ጉባኤው ተበተነ። ከድል በኋላ ፓርላማው ሥራውን ቀጠለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በየዓመቱ በጥቅምት፣ የዘውድ በዓላቸው በሚውልበት ሰሞን እየመጡ በዙፋን ንግግር ይከፍቱት ነበር። የአባላቱ አመራረጥ ግን ለጊዜው አልተለወጠም።

የተለወጠው የዘውዱ 25ኛ ዓመት በተከበረበት በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ፤ የመምሪያው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ፈቀደ። በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያውያን፣ ሴቶችም ጭምር፣ ካርድ ወስደው ድምፅ ሰጡ። ምርጫው በየአራት ዓመቱ እየተደረገ እስከ 1965 ዓ.ም. ዘለቀ። የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም። ተወዳዳሪው በሚወዳደርበት ቦታ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። መወሰኛው ምክር ቤት እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ ሹመት ይሞላ ነበር።

በዚያ የመጀመሪያ ምርጫ ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት ተመረጡ፤ ስንዱ ገብሩ። ወይዘሮ ስንዱ በጠላት ዘመን ታስረው ጣሊያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ድረስ የተጋዙ አርበኛ ናቸው። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህር ሆኑ፤ ድርሰትና ቴአትር ጻፉ። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነው ገቡ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነዋል። ሴት ልጆች ያላችሁ አድማጮች ይህን ስም ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ። ወንዶች ብቻ በተቀመጡበት አዳራሽ ብቻዋን ገብታ ወንበር ይዛ መናገር ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ለማሰብ አያዳግትም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ መሬት ጉዳይ እንመጣለን። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ፤ የፓርላማው ቤትና የወላይታ ገበሬ ኑሮ በቀጥታ የተገናኙት እዚህ ላይ ነውና።

ወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ድሮም እንዲያው ነበር። እንሰቱ፣ ስኳር ድንቹ፣ ጎደሬው፣ በቆሎው የሚበቅለው በጓሮ ስፋት በምትለካ ማሳ ላይ ነው። በዚያች ማሳ ላይ የሚያርሰው ሰው ጭሰኛ ሲሆን ደግሞ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ያካፍላል። ባለ መሬቱ ከፈለገ ያስነሣዋል። ውሉ በቃል ነው፤ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ከባለ መሬቱ ወገን ነው። ይህ የወላይታ ብቻ ችግር አልነበረም፤ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በብዙ ቦታ የነበረ ነው። ያኔ ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበር።

በ1950ዎቹ መንግሥት የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ሕግ ለማውጣት አሰበ። መሬቱን ለጭሰኛው የሚሰጥ ሕግ አልነበረም፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሚከፈለው ድርሻ ወሰን እንዲበጅለት፣ ማስነሣት እንደ ልብ እንዳይሆን የሚል መጠነኛ ማሻሻያ ነው። ረቂቁ ፓርላማ ገባ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" የሚል መፈክር ይዘው በሰልፍ ወደ ፓርላማው ሄዱ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የጭሰኛ ልጆች አልነበሩም። ነገር ግን አባቶቻቸው የማይጠይቁትን ጥያቄ፣ መመለስ የሚገባው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ጠየቁ።

ምን ተደረገ? ረቂቁ በምክር ቤቱ ውስጥ ዓመታት ቆየ፤ ተመለሰ፣ ተሻሽሎ ቀረበ፣ እንደገና ተንከባለለ፤ ሳይጸድቅ ቀረ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አብዛኞቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ነበሩ፤ ሕጉ የሚነካው የእነሱን ገቢ ነበር። ንብረት የሌለው ሰው እንዳይወዳደር የሚከለክል የምርጫ ሕግ ከዚህ የተለየ ምክር ቤት ሊያፈራ አይችልም ነበር። ለዚህ ነው አንድ ሕግ ምን ይላል ብለን ከመጠየቃችን በፊት፣ ያወጡት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ማንስ መረጣቸው ብለን መጠየቅ ያለብን።

በዚያው ሰሞን በዓለም ባንክ ድጋፍ ወላይታ ላይ ዋዱ የተባለው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማከፋፈል ጀምሮ ነበር። እናንተ አባቶች ዋዱን ታስታውሱታላችሁ። ምርት ጨመረ። ነገር ግን የመሬት ሕጉ ሳይስተካከል ምርት ሲጨምር፣ የባለ መሬቱም ድርሻ አብሮ ይጨምራል፤ ጭሰኛውን አስነሥቶ በራስ የማረስ ፍላጎትም እንዲሁ። ባለሙያ የሚሠራው መልካም ሥራ ምክር ቤት ሊሠራ የሚገባውን ሊተካ አልቻለም።

በመጨረሻ የመሬቱ ጥያቄ የተመለሰው ፓርላማው ከፈረሰ በኋላ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ሁለቱንም ምክር ቤቶች በተነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። ሰው በደስታ ወደ አደባባይ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። ግን አዋጁ የወጣው ሕዝብ በወከለው ጉባኤ ተመክሮበት ሳይሆን በወታደራዊ መንግሥት ውሳኔ ነበር፤ በዚያው መንገድ የመጡት ሌሎች ውሳኔዎች ደግሞ የስንቱን ቤት እንዳፈረሱ ታውቃላችሁ። ፓርላማው በጊዜው መሥራት ያለበትን ሥራ ባለመሥራቱ አገሪቱ የከፈለችው ዋጋ ቀላል አይደለም።

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ከ12 ዓመት በላይ ምክር ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። በ1979 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ፤ በአንድ ፓርቲ የሚመራ ስለነበር ክርክር የሚታይበት ቤት አልሆነም። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ እሱም አብሮ ሄደ። ከሽግግሩ ዘመን በኋላ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ 106 አንቀጾች ያሉት ሕገ መንግሥት ዛሬ ያሉትን ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለቱን ምክር ቤቶች ለይተን እንያቸው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋልና።

የመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አባላቱ በየአምስት ዓመቱ በቀጥታና በምስጢር በሚሰጥ ድምፅ ይመረጣሉ። ቁጥራቸው ከ550 መብለጥ አይችልም፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 20ው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች የተጠበቀ ነው። ሕግ የሚያወጣው፣ የፌዴራል መንግሥቱን በጀት የሚያጸድቀው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው፣ ሚኒስትሮችን ጠርቶ የሚጠይቀው እሱ ነው። አንድ ረቂቅ አዋጅ ሲቀርብ አባላቱ ከተወያዩበት በኋላ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ይመረምረዋል፣ ባለድርሻዎችን ጠርቶ አስተያየት ይሰማል፣ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈረምም ሕግ ሆኖ ይጸናል። በነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ የወላይታ ልጆች በየዘመኑ ተቀምጠዋል። ከሁሉ የሚታወሰው መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በቦሎሶ ሶሬ የተወለዱት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በምክር ቤቱ ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ቆዩ። ስለ አስተዳደራቸው የየራሳችሁ አስተያየት ይኖራችኋል፤ ያ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። ነገር ግን የካዎ ጦናን መማረክ ከአያቶቹ የሰማ የወላይታ ሽማግሌ ያን ዕለት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ምን እንደተሰማው መገመት ይቻላል።

ሁለተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚህ የሚወከሉት የምርጫ ክልሎች ሳይሆኑ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተወካይ ይጨመራል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ብሔር ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ስለነበረ ከአንድ በላይ ወንበር የሚያገኝ ነው። ተወካዮቹን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ከፈለጉ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግም ይችላሉ። ይህ ምክር ቤት ሕግ አያወጣም። ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ በራስ አስተዳደር ጥያቄዎች ላይ ይወስናል፣ የፌዴራል መንግሥቱ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ያወጣል። ድጎማው የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ የሚመጣበት ዋናው ምንጭ ነው። ስለዚህ ቀመሩ የሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ የሶዶ የገበያ ቀን ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ማለቱ ሁሉ ከእሱ ጋር ይያያዛል።

ወላይታ ከዚህ ምክር ቤት ጋር ያለው ታሪክ ደግሞ ሁላችንም የኖርንበት ነው። ወላይታ ቀድሞ የሰሜን ኦሞ ዞን አካል ነበር። በ1992 ዓ.ም. ወጋጎዳ በተባለ ድብልቅ ቋንቋ የተዘጋጁት መማሪያ መጻሕፍት ያስነሡትን ተቃውሞና የወደቁትን ሰዎች የሚረሳ የለም። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት በክልል የመደራጀት ጥያቄ ላይ ወስኖ አቀረበ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮችና ሌሎችም ከታሰሩ በኋላ በነበረው ተቃውሞ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወላይታን ጨምሮ ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድ ክልል ለመደራጀት ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደርጉ ወሰነ። ድምፁ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ተሰጠ። በወላይታ ዞን ግን ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ የሕግ ጥሰት አግኝቶ ውጤቱን ሰረዘው፤ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ድምፅ ተሰጠ። ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ የአስተዳደር መቀመጫውም ሶዶ ሆነች።

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ወላይታ ብቻውን ክልል እንዲሆን ነበር፤ የመጣው ግን ከሌሎች ጋር የጋራ ክልል ነው። በዚህ የተደሰተ አለ፣ ያዘነም አለ። ሁለቱም ወገን ጥያቄው በየትኛው ምክር ቤት፣ በየትኛው አንቀጽ፣ በምን ሂደት እንዳለፈ ቢያውቅ የሚናገረው ነገር ክብደት ይኖረዋል። "መንግሥት እንዲህ አደረገ" ማለትና "የፌዴሬሽን ምክር ቤት በዚህ ቀን እንዲህ ወሰነ፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው" ማለት አንድ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ቤቱን ለማየት እንሂድ። ከሶዶ በአረካ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርጎ የሚሄደው መንገድ አዲስ አበባ ያደርሳችኋል፤ በሻሸመኔ በኩል መሄድም ይቻላል፣ ግን ይረዝማል። አዲስ አበባ ስትደርሱ አራት ኪሎ ብላችሁ ታክሲ ያዙ። አራት ኪሎ አደባባይ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ። ከዚያ ወደ ፓርላማው በእግር ይደረሳል፤ የሰዓቱ ማማ ይመራችኋል።

መቼ ይሻላል? ምክር ቤቱ የዓመቱን ሥራ የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት ይኖራል። በመክፈቻው ዕለት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው የፕሬዚዳንቱን ንግግር ይሰማሉ፤ በዚያ ዕለት ጥበቃው ስለሚጠብቅ ለጉብኝት አይመችም። መደበኛ ስብሰባዎች አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው። ክርክር መስማት የሚፈልግ ሰው ሰኔን ቢመርጥ ጥሩ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የበጀት ረቂቁ የሚታየው በዚያ ሰሞን ነው። ገንዘባችን ወዴት እንደሚሄድ የሚነገርበት ስብሰባ ከሁሉም በላይ ሊሰማ የሚገባው ይመስለኛል።

ከትምህርት ቤት ወይም ከማኅበር በቡድን የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው የተቋማችሁን ስም፣ የጎብኚዎቹን ቁጥርና ዝርዝር፣ የምትፈልጉትን ቀንና የኃላፊውን ስልክ አስፍሩ። መልስ ሳታገኙ አውቶቡስ አትከራዩ። ለብቻው የሚሄድም ሰው ቢሆን አስቀድሞ ጠይቆ ቢሄድ ከመጉላላት ይድናል። መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የቀበሌም ይሁን ፋይዳ። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ስለታም ነገርና ትልልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ፤ ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር ሆናችሁም ቢሆን።

አዳራሽ ከገባችሁ ምን ታያላችሁ? አፈ ጉባኤው የሚቀመጡበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ስብሰባ የሚመሩት፣ ዕድል የሚሰጡትና የሚከለክሉት እሳቸው ናቸው። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ሲገለጽ አድምጡ፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ስብሰባ የለም። ድምፅ ሲሰጥ ማን እጁን እንዳወጣ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ማን ድምፀ ተዓቅቦ እንዳደረገ ልብ በሉ። በተለይ የመረጣችሁትን ሰው ፈልጉ። ሕገ መንግሥቱ ተወካዩ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅና ባሳየው አስተያየት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። መራጩ ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜም ከአባልነት እንደሚወገድ ይናገራል። እንግዲህ ከለላው የተሰጠው በእኛ ስም በድፍረት እንዲናገር ነው፤ ዝም ካለ ለምን ዝም አልክ ብሎ መጠየቅ የእኛ መብት ነው።

ወጥታችሁ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብትሄዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መቃብር እዚያ አለ። በቅጥሩ ውስጥ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉት ባለሥልጣናትም አርፈዋል። ፓርላማውን ካዩ በኋላ እነዚህን መቃብሮች ማየት ልብ ይነካል፤ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት በሌሉበት የሰው ሕይወት እንዴት እንደሚወሰን ይታያል። ቀን ከተረፋችሁ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን አንድነት ፓርክን፣ ወደ አምስት ኪሎ ወጣ ብላችሁም ብሔራዊ ሙዚየምንና ድንቅነሽን ልታዩ ትችላላችሁ።

መሄድ የማትችሉ አድማጮች፣ እዚሁም የምትሠሩት ሥራ አለ። የዞኑም የወረዳውም ምክር ቤት ጉባኤ ያደርጋል። ቀኑን ጠይቁ፣ ሄዳችሁ ተቀመጡ፣ የወረዳችሁ በጀት ሲነበብ ስሙ። የሥነ ዜጋ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን አራት ኪሎ ከመውሰዳችሁ በፊት ወደ ወረዳው ምክር ቤት ብትወስዷቸው እመክራለሁ፤ እዚያ የሚናገረውን ሰው በመልኩ ያውቁታልና፣ ጥያቄ ለመጠየቅ አያፍሩም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን አንድ ረቂቅ አዋጅ በቋሚ ኮሚቴ ሲመረመር ዜጎች አስተያየታቸውን በጽሑፍ እንዴት እንደሚያቀርቡ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ጠብቁን። ከእናንተ መካከል የምክር ቤት ጉባኤ ተገኝቶ የተከታተለ ሰው ካለም ያየውን ይጻፍልን፤ ጥያቄያችሁን ከሚቀጥለው ሳምንት በፊት አድርሱን።

(የመዝጊያ ዜማ)